ቲቸር ከድጃና የሽንኩርቱ አስታማሚዎች

ቲቸር ከድጃ ማግባታቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከቆቦ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ሰማህ? ቲቸር ባል አግብተው አፋር፣ ሎግያ ገቡ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን የሚራገሙ ሴትዮ ናቸው እኮ። ልጁ ግን አልቀለደም። ሙሽራው ሚስቱ የሞተችበት ረጋ ያለ የግመል ነጋዴ መሆኑን፣ ኒካው በቅርብ ዘመድ ብቻ መታሰሩን፣ የቲቸር ቤት ለአንድ ነርስ መከራየቱን፣ እስክወርድ ድረስ አንድ በአንድ ነገረኝ።

ደስ አለኝ፤ ቅርም አለኝ። ቅር ያለኝ ሳይነግሩኝ በመሄዳቸው ነው። ብደውል ስልካቸው አይሠራም። በማግስቱ ግን በቴሌግራም ድምፃቸው መጣ፦ «አብሽር፣ አልጠፋሁም። ሠርግ ብዬ ብጠራህ ካሜራ ይዘህ መጥተህ ታስቸግረኝ ነበር። እዚህ ፍየል የሚያረቡ ሴቶች አግኝቻለሁ፤ ሸጋ ሸጋ ሴቶች ናቸው።» እኔም ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ እነዚያ ሴቶች ሳያውቁት ተማሪ ሆነዋል ማለት ነው።

ቲቸር ከድጃ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቆላው መንደሮች ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ሲያስተምሩ ነው። ሲያወሩ የሚያነጋግሩትን ሰው እጅጌ ይይዛሉ፤ ነገራቸውን እስኪጨርሱም አይለቁም። ከእሳቸው ጋር ስሠራ የሸሚዞቼ ሁሉ ግራ እጅጌ ከቀኙ ረዝሞ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የተገናኘነው በአንድ ፕሮጀክት ነው። በመስኖ ሽንኩርት ለሚያመርቱ የራያ ቆላ ገበሬዎች በስልክ የሚሰጥ ትምህርት እንድናዘጋጅ ተጠየቅን። እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝና ቴክኒኩ የእኔ፣ ማስተማሩ የእሳቸው ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ የግብርና ባለሙያ ጋር ተቀምጬ የመጀመሪያውን ትምህርት ቀዳሁ። ጥሩ ድምፅ፣ ጥሩ ማይክራፎን፣ ከበስተጀርባው ለስለስ ያለ ክራር። ርዕሱ «መግቢያ፦ የሽንኩርት አመጣጥና ጠቀሜታ» ይላል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

እሳቸው ግን አልሰሙትም። «ና፣ ዋጃ ደርሰን እንመለስ» አሉኝ። ሚኒባሱ ከመናኸሪያ እንደወጣ ረዳቱን ሙዚቃውን እንዲቀንስ ለመኑትና የእኔን ትምህርት በስልካቸው ከፍ አድርገው ከፈቱት። ባለሙያው በዚያ በተረጋጋ ድምፁ ጀመረ። ሽንኩርት ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ በየት በየት እንዳለፈ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ እኔም ዝምታው ደስ ብሎኝ ወንበሬን ደገፍ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ በሐዘን ድምፅ፣ «ኢና ሊላሂ… ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ። የቀብር የሕይወት ታሪክ እየተነበበ መስሏቸው ነበር።

ቲቸር ከድጃ ስልኩን ዘጉና እጅጌዬን ያዙ። «ሰማህ የኔ ጌታ? ሽንኩርቱን ቀበርኸው» አሉኝ። ሳቃቸው ዋጃ እስክንደርስ አላቆመም። እኔ ግን መስኮት መስኮቱን ሳይ ነው የደረስኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለ ሚኒባሱ ምርመራ ያለፈ ትምህርት የለም። በሚቀጥለው ጉዞ የያዝነውን ራሳቸው ነበሩ የቀዱት፣ ያለ ክራር። «የሽንኩርትህ ጫፍ ነጣብህ? ውሃ አነሰው ብለህ ሞተር ልታስነሳ ነው? ቆይ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልጠህ እጥፋቱን እይ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በእጥፋቱ ውስጥ ተደብቃ ስለምትመጥጠው ትንሽ ተባይ ይናገራል። ገና ሳያልቅ አንዱ «ውሸት ነው፣ ውሃ ጥማት ነው» አለ፤ ሌላዋ «ባላየኸው አትማል» አለችው፤ ሹፌሩ ሳይቀር የአማቱን ማሳ እየጠቀሰ ገባበት። የተከራከረው ሰውዬ መውረጃውን አልፎ ሄደ። «ይኼ ትምህርት ነው» አሉኝ ቲቸር። «ትልቅ ሰው የሚያውቀው አለው፤ ከሚያውቀው ጋር ያላጣላኸው እንደሆነ አይሰማህም።»

ሌላው ነገራቸው አንዲት ጥያቄ ነበረች። አንድ ነገር ጽፌ ሳሳያቸው «ሸጋ ነው። ለማን ነው?» ይሉኛል። «ለገበሬዎች» ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ገበሬዎች የሚባል ሰው አላውቅም። ለሞላ ነው በለኝ።»

አያ ሞላ ከሮቢት ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ዳር ማሳ ያለው፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። ፊደል ያስቆጠሩት ራሳቸው ቲቸር ናቸው፤ ጎልማሳ ሆኖ፣ ልጆች ወልዶ። ባለፈው ዓመት ሽንኩርቱ ገና በችግኙ ስለጠፋበት የተከለው ጥቂት ነበር፤ ያም አልሆነለትም። ገበያ ላይ አግኝቷቸው፣ «ቲቸር፣ ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ማሳዬን ለእኩል ሰጥቼ ወንድሜ ያለበት ከተማ ሄጄ የቀን ሥራ እሠራለሁ» ብሏቸዋል። ማሳውን ለእኩል ይዞ፣ እያረሰ ምርቱን ሊካፈል የሚጠብቅ ሰውም ነበር። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። «መሬት ለእኩል ሲሰጥ ሰውዬው ይመለሳል ይባላል። ሲመለስ አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ለሞላ ነበር።

እኔ ደግሞ በፈተና የማምን ሰው ነኝ። በየትምህርቱ መጨረሻ ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች አዘጋጀሁ፤ ጠቅ ጠቅ አድርጎ መመለስ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ማመን አቃተኝ፤ ሁሉም ደፍነዋል። አያ ሞላም ደፍኗል። ስልኬን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩና አሳየኋቸው። ቲቸር አይተው አይተው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «ልጆቻቸው ናቸው የተፈተኑት! ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሊፈተንልህ? ‹ና እስቲ ይችን ነገር ጨርስልኝ› ብሎ ለሰባተኛ ክፍል ልጁ ሰጥቶት ነው» አሉኝ። ደዋውዬ ባጣራ እውነታቸውን ነው። በቆላው ውስጥ ያሉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሽንኩርት በሽታ የሚያውቁትን ያህል ሌላ ቦታ ያሉት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ፈተናው ቀረ። በምትኩ የቴሌግራም ግሩፑ በሰላምታ ተጥለቀለቀ። ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። አንዱ በድምፅ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ማሽላውስ፣ ዝናቡስ ወዲያ ጣለ ወይ» ይላል። ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን፣ እናንተስ» ብሎ ከልጆች ጀምሮ ይደግመዋል። የእኛ ትምህርት በዚህ ሁሉ መሀል ተቀብሮ ይውላል። ንዴቴ መጣ። ግሩፑን ልቆልፈውና እኛ ብቻ እንናገርበት ብዬ ጣቴን አዘጋጅቼ ሳለ ደርሰው ስልኬን ቀሙኝ።

«እብድ ነህ? ሰው በራሱ ካርድ በራሱ ድምፅ መጥቶ፣ በሩን ልትዘጋበት?» አሉኝ። «ፈተናህ ይኸውልህ፣ ራሱ መጣልህ። ልጆቹን ጠይቁ፣ ከብቱን ጠይቁ፣ ከዚያ ‹ችግኙስ እንዴት አደረ?› በሉ እንላቸዋለን። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ወሎ ውስጥ የለም።»

እውነትም መለሱ። ችግሩ መልሱ ላይ ነበር። «ችግኙስ እንዴት አደረ?» ሲባል ሁሉም «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ደህና ነው። ይህን ያህል ጤነኛ ሽንኩርት በዓለም ላይ በቅሎ አያውቅም። አያ ሞላም በዚያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈ፤ ድምፅ አልላከም፣ ጻፈ፦ «ደህና ነው ተመስገን።»

ቲቸር ይህችን መልእክት አይተው ፊታቸው ጠቆረ። «አልወደድኋትም» አሉ። እኔ አልገባኝም፤ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። «አንተ ታመህ ተኝተህ ሰው ሊጠይቅህ ቢገባ ምን ትላለህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ እላለሁ» አልኳቸው። «አዎ፤ ልትሞትም ስትል ደህና ነኝ ትላለህ። ታዲያ ጠያቂው እውነቱን ከማን ይሰማል?»

አስቤ፣ «ከአስታማሚው» አልኩ።

ነገራቸውን ሳይጨርሱ እጅጌዬን ለቀቁት። እንዲህ ሲያደርጉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ተነሥተው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። በእኛ አገር በሽተኛ ስለራሱ አያማርርም፤ አስታማሚው ግን በር ድረስ ይሸኝህና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን ሲያቃስት ማደሩን፣ ምግብ እንቢ ማለቱን፣ ሁሉንም ይነግርሃል። ማንም ሰው አስታማሚን ሐሜተኛ ብሎ አያውቅም። ቲቸር ከድጃ ያን ዕለት ትምህርቱን በሙሉ አፍርሰው በዚህ ላይ ሠሩት። እያንዳንዱ ተማሪ የቅርብ ጎረቤቱን ማሳ እንዲያስታምም ተመደበ። ስለራሱ ችግኝ መናገር ክልክል ነው። ስለሚያስታምመው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሄዶ አይቶ፣ ቅጠል ገልጦ፣ አፈር ነክቶ። ትምህርቱን የሚሰማውም ለራሱ አይደለም፤ የሚያስታምመው ማሳ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

እኔ አይሆንም ብዬ ነበር። ማን የሰው ማሳ ለማየት ይደክማል ብዬ። ደከመኝ ያለ ሰው ግን አልተገኘም። በነጋታው ግሩፑ ሌላ ሆነ። «አስታማሚ ነኝ፣ አሰላሙ አለይኩም። የከማልን የችግኝ መደብ አየሁት። ዘሩ ከመብዛቱ የተነሣ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጧል። ከማል ዘር ሲበትን እጁ ለጋስ ነው፤ ለሰው እንዲህ ቢሆን ሸጋ ነበር።» አንዷ ደግሞ፣ «አስታማሚ ነኝ። በሽተኛው ጤናው ተመልሷል፣ ባለቤቱ ግን አኩርፎኛል» አለች። ሳቅ ነው። ሰው ትምህርቱን ደጋግሞ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ፎቶ ይልካል። የተጻፈ ፈተና የማያወጣውን ሁሉ አወጡት።

አያ ሞላን እንዲያስታምም የተመደበው የማሳ ጎረቤቱ አያ እንድሪስ ነው፤ አያ ሞላም በተራው የእንድሪስን። አያ እንድሪስ አፉ ላይ ልጓም የሌለው፣ ሲናገር ሞተር የሚያስነሣ የሚመስል ሰው ነው። ድምፁ በመጣ ጊዜ ቲቸር አጠገቤ ነበሩ።

«አስታማሚ ነኝ» አለ አያ እንድሪስ። «ሞላ ደህና ነው ብሏችኋል። ሞላ ጨዋ ሰው ነው። ችግኙ ግን ወላሂ ደህና አይደለም። ቦታ ቦታ ላይ እየተኛ ነው። ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ አንገቱ ክር አክሎ ቀጥኗል፤ ስነካው ይወድቃል። መደቡ ጨቅይቷል፣ እግሬ ገባበት። አምናም እንዲህ ነው ያደረገው። አንድ ነገር ካላላችሁ ይኼ ሰው ከአጠገቤ ሊሄድብኝ ነው።»

ከዚያ ድምፁ ተከታትሎ መጣ። «ውሃ ቀንስ»፣ «የሸፈንህበትን ገለባ አንሣ፣ ይተንፍስ»፣ «መደቡን ከፍ አድርገህ በሌላ ቦታ እንደገና ዝራ፣ ጊዜው አላለፈም»። ቲቸር ባለሙያውን ሊደውሉለት ስልክ ካነሱ በኋላ ተመልሰው አስቀመጡት። «ቆይ፣ ይጨርሱ። የባለሙያው መልስ ከመጣ ሁሉም ዝም ይላል» አሉ። ከሰዓት በኋላ ደውለው የገበሬዎቹን ምክር አረጋገጡና አጭር ትምህርት አድርገው ለቀቁት፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በባጃጅ እስኪደረስ የሚያልቅ።

አያ ሞላ ግን ዝም አለ። ያን ዕለትም፣ በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ። መልእክቶቹን አልከፈታቸውም። ይደወልለታል፣ ስልኩ ዝግ ነው። የአያ እንድሪስም እንዲሁ። ቲቸር ከድጃን በዚያን ሰሞን እንዳየኋቸው አይቼያቸው አላውቅም። በዚያ በቆቦ ፀሐይ ግቢያችን ድረስ መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡና፣ «አዋርጄው ይሆን?» አሉኝ። «ሰው ፊት ማሳውን ገልጬ… ፊደል ሲቆጥር እንኳ ከሰው ፊት ጠይቄው አላውቅም ነበር።» ሄደን እንየው አልኳቸው። «ብሄድ ለቅሶ የመጣሁ ይመስለዋል» አሉና እንቢ አሉ። ውስጤ ግን ሰውዬው ጓዙን ሸክፎ ሄዷል እያለ ይነግረኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፤ ላኪው ሞላ። እኔ ብቻዬን ልሰማው አልደፈርኩም፤ ወደ ቲቸር ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆመን ከፈትነው።

«አስታማሚ ነኝ» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞላ ነኝ፣ ከሮቢት ወዲህ። እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ። የእንድሪስን መደብ አየሁት። እንድሪስ የራሱ ደህና እንደሆነ አድርጎ ነው የነገራችሁ፣ አይደል? ዋሽቷችኋል። የእሱም መተኛት ጀምሮ ነበር፣ ከወዲያ ጥግ። የእኔን ለመንገር እንጂ የራሱን ለማየት ጊዜ አላገኘም።» ከበስተጀርባ የአያ እንድሪስ ድምፅ «ውሸት!» ሲል ይሰማል። አያ ሞላ ቀጠለ፦ «እኔም አምና እንዲህ አርጌ ነው ያጠፋሁት፤ ውሃ አብዝቼ። አሁን ሁለታችንም እንደነገራችሁን መደቡን ከፍ አድርገን፣ ዘሩን ሳሳ አድርገን እንደገና ዘርተናል። በእሱ ጀምረን በእኔ ጨረስን። ዝም ያልሁት ተቀይሜ አይደለም ቲቸር። እጄ ጭቃ ነበር። ስልኬም ጭቃ ውስጥ ወድቆ ነው፤ ምክራችሁን የሰማሁት በእንድሪስ ስልክ ነው፣ እሱም ባትሪው እስኪያልቅ።»

ቲቸር ከድጃ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው እንደገና ከፈቱት፤ ከዚያም እንደገና። «ውሸት!» የምትለው ቦታ ስትደርስ ከአያ እንድሪስ ጋር አብረው ይሏታል። ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አሰሟቸው። ሽንኩርት ተክላ የማታውቀው ባለ ሱቋ ሴትዮም ሰማች። ደስታቸውን ደብቀው አያውቁም፤ ያን ዕለት ግን ደስታቸው መንደሩን አዳረሰ።

የኋለኛው ዘር ያዘ። ተተከለ፣ ራስ አበጀ። ሽንኩርቱ በሚነቀልበት ሰሞን አያ ሞላ ኑ ብሎን ከቲቸር ጋር በሚኒባስ ሄድን። ቀዩ ሽንኩርት ከነቅጠሉ ተነቅሎ በመስመር በመስመር ማሳው ላይ ተኝቷል። አያ እንድሪስ ከማዶ ሆኖ የእኛን መምጣት ለአገሩ ሁሉ እየተጣራ ያሳውቃል። የግሩፑ ሰዎች ጥቂቶቹ መጥተዋል፤ በድምፅ ብቻ የምንተዋወቅ ስለሆንን አንዱ አፉን በከፈተ ቁጥር «አንተ ነህ እንዴ ከማል?» እየተባለ ይሳቃል።

እዚያ ሳለን ያ ማሳውን ለእኩል ሊይዝ ሲጠብቅ የነበረው ሰውዬ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ለልጆቹ የሚሮጥ ነው። ለሽንኩርቱ እንኳን ደስ አለህ አለና ትንሽ ቆይቶ፣ «እንግዲህ ዘንድሮም ቢሆን አሳቡ ካለህ… ወንድምህ ጋ እሄዳለሁ ብለህ ነበር» አለው።

ቲቸር ከድጃ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም። ሁለታችንም አንድ ደህና ዓመት ሰውን እንደማያስቀር እናውቃለን፤ የወንድሙ ከተማ ዛሬም እዚያው ነው። አዲሱ ዙር ትምህርት ደግሞ የተጀመረው ገና በቅርቡ ነው። ቲቸር አስታማሚዎችን ሲመድቡ ከአስፋልቱ ማዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት የምትዘራ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን እንዲያስታምም የመደቡት አያ ሞላን ነበር።

አያ ሞላ የእጁን አፈር አራገፈና ሰውዬውን አየው። «አልሄድም» አለ። «ማዶ ዘር የበተነች ሴትዮ አለች፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ጥያት ወዴት እሄዳለሁ?» ከዚያ ሰዓቱን ያስታወሰ ይመስል ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። «ውሃ ልትለቅ ነው፣ ታበዛዋለች» ብሎ የመጣነውን እንግዶች እዚያው ትቶ ፈጠን ፈጠን እያለ አስፋልቱን ተሻገረ።

እንጠብቀው ወይስ እንሂድ ብዬ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። «ምን ሠርተን ነው የምንሄደው?» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሽንኩርቱን እኛ ሰበሰብንለት።